ኮሎኔሉ መምህር

ጥያቄ፦ ጋሽ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። አገር ቤት አስተማሪ ነበርኩ፤ አሁን ቺካጎ ታክሲ እነዳለሁ። ሊንከን ፓርክ ሰፈር «ፍራንሲስ ፓርከር» የሚባል ትምህርት ቤት ሰው አደርሳለሁ። አንድ ተሳፋሪ ትምህርት ቤቱ በስሙ የተጠራለት ሰውዬ ኮሎኔል ነበር አለኝ። ወታደር ከማስተማር ጋር ምን አገናኘው? ይሄ የዘመኑ ልል አስተማሪነት የመጣው ከሱ ነውም ይባላል። ልጄ ሁለተኛ ክፍል ናት። ስፔሊንግ ስትስት መምህሯ ሁሉንም አታርምላትም። ስንፍና አይደለም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሰውየው ከውትድርናው በፊትም አስተማሪ ነበር። በ1837 ኒው ሃምፕሸር ተወለደ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)፤ በ16 ዓመቱ ማስተማር ጀመረ። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሲመጣ ዘመተ፣ በ1864 ቨርጂኒያ ውስጥ ጉሮሮው ላይ ቆሰለ። ከጦርነቱ በኋላ ወደ ጠመኔው ተመለሰ፤ ማዕረጉ ግን እስኪሞት አልለቀቀውም። ከአክስቱ በወረሰው ገንዘብ ጀርመን ሄዶ ተማረበት። እኛ ብንሆን ቤት እንሠራበት ነበር!

ስሙን ያስጠራችው ኩዊንሲ ናት፣ ቦስተን አጠገብ ያለች ከተማ። በ1873 የትምህርት ቦርዱ አባላት ዝም ብሎ መታዘቡን ትተው ልጆቹን ራሳቸው ፈተኑ። ልጆቹ የሰዋስው ሕጉን እንደ ውዳሴ ማርያም ያንበለብሉታል። አንድ ተራ ደብዳቤ ጻፉ ሲባሉ ግን ጠፋቸው። ከለመዱት መጽሐፍ ውጪ ሌላ ሲሰጣቸው ማንበብ ያቅታቸዋል። ቦርዱ ደንግጦ በ1875 ፓርከርን ቀጠረ።

ፓርከር ፊደል እየዘመሩ መቁጠሩን አስቀረ። መምህሯ ልጆቹ ስለሚያውቁት ነገር ታጫውታቸዋለች፤ ከአፋቸው የወጣውን ቃል ሰሌዳው ላይ ትጽፋለች፤ እነሱም ያነቡታል፣ ይጽፉታል። ጂኦግራፊው ከሰፈራቸው ኮረብታና ወንዝ ይጀምራል። ይሄን ለማየት ጎብኚ ጎረፈ፣ ሁሉም «የኩዊንሲ ዘዴ» ይል ጀመር። እሱ ግን የታወቀ መርህ ሥራ ላይ አዋልኩ እንጂ ምንም አልፈጠርኩም አለ።

አንተን የሚመለከትህ በ1879 የማሳቹሴትስ የትምህርት ቦርድ ያካሄደው ምዘና ነው። የኩዊንሲ ልጆች በንባብ፣ በጽሑፍ፣ በስፔሊንግም በለጡ። በሒሳብ ከአውራጃቸው አራተኛ ወጡ። ልብ በል፣ ስፔሊንግ ሲሸመድዱ ያልዋሉ ልጆች ናቸው።

በ1883 ወደ ቺካጎ መጣና የኩክ ካውንቲ መምህራን ማሰልጠኛ ኃላፊ ሆነ። እኔን የሚገርመኝ እዚያ የሠራው ነው። ማሰልጠኛው የራሱ የልጆች ትምህርት ቤት ነበረው፤ ዕጩ መምህራኑ እዚያ እያስተማሩ ይማራሉ። ልጆቹ የሚያነቡትን ጽሑፍ መምህራኑ ራሳቸው እያዘጋጁ እዚያው ያሳትሙት ነበር።

እኔም ዕድሜዬን ያሳለፍኩት መምህራን በማሰልጠን ነው። የትምህርት አሰጣጥ ልምምድ ላይ ከኋላ የሚቀመጠው ተቆጣጣሪ፣ ቅጹን ይዞ የሚያየው ዕጩውን ነው፦ ድምፁን፣ የሰሌዳ አጠቃቀሙን፣ ሰዓት ማክበሩን። ልጁ ምን እያሰበ ነው የሚል ነጥብ ቅጹ ላይ አላየሁም። ፓርከር ደግሞ አስተማሪ ለመሆን መጀመሪያ ልጁን አጥና ባይ ነው። በ1894 ባሳተመው መጽሐፍ የትምህርት ሁሉ መሀል ልጁ ራሱ ነው ይላል። ታዋቂው የትምህርት ፈላስፋ ጆን ዲዊም ቺካጎ ሲመጣ ልጆቹን ያስገባው ፓርከር ጋ ነው።

ችግሩም እዚሁ ላይ ነው። ሽምደዳ በደካማ አስተማሪም ይሄዳል። የፓርከር መንገድ ግን ደካማ እጅ ከገባ ጨዋታ ብቻ ሆኖ ይቀራል። አንተ ልል የምትለው ይሄን ይመስለኛል፤ እሱንስ እኔም አልወደውም።

አንተ የምታየው ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1901 ነው፣ ሰውየው ሊሞት አንድ ዓመት ሲቀረው። የግል ትምህርት ቤት ነው። አብዛኛውን ዕድሜውን ለሕዝብ ትምህርት ቤት የለፋ ሰው ስሙ እዚያ መለጠፉ ትንሽ ያስቀኛል።

የልጅህን ነገር በአንድ ደብተር አትፍረድ። መምህሯን ልጄ መስከረም ላይ የጻፈችውንና የዛሬውን አሳዪኝ በላት። መስከረም ላይ የሳተችውን ቃል ዛሬ በትክክል ከጻፈች፣ ዘዴ አላቸው ማለት ነው፤ ተዋቸው። ያው ስህተት እንዳለ ከቀጠለ ግን ቀጠሮ ያዝና ሄደህ ጠይቅ፤ አስተማሪ ነበርኩ ማለትህንም አትርሳ።