የሣጥኑ ቁልፍ በማን እጅ ነው?

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ከጎጃም ናቸው፤ ጉዳያቸውም ተቀራራቢ ነው። ሌላውን እናግዛለን የሚሉ ድርጅቶችን የሚመሩት ሰዎች እነማን ናቸው? ማን መረጣቸው? ማንስ ይጠይቃቸዋል? አራቱን መርጫለሁ። ሁለቱን ረዘም አድርጌ መልሻለሁ፣ ጉዳዩ ያንገበግበኛል።

ጥያቄ፦ ፍኖተ ሰላም አካባቢ ማር የምንሸጥ 23 ሴቶች ነን፤ እኔ ፀሐፊያቸው ነኝ። ከባሕር ዳር አንድ ድርጅት መጥቶ "እናንተ ማኅበራዊ ኢንተርፕራይዝ ናችሁ፣ እንደግፋችኋለን" አለን። ሥልጠና፣ የማር ማጣሪያና መነሻ ገንዘብ እንሰጣለን ይላሉ። የሰጡን ወረቀት ላይ የስምንት መሪዎች ፎቶ አለ። ሁሉም ከረባት አስረዋል፣ ከሥራቸው ረጅም የትምህርት ዝርዝር ተጽፏል። ከመፈረማችን በፊት እነዚህን ሰዎች እንዴት እንወቃቸው? ከመካከላችን "የተማሩ ናቸው፣ እኛ ማን ነንና እንጠይቃለን" የሚሉ አሉ።

መልስ፦ እህቴ፣ ጠይቁ። ያውም ደጋግማችሁ።

መጀመሪያ ስሙን እናፍታታው። ማኅበራዊ ኢንተርፕራይዝ ማለት እንደማንኛውም ነጋዴ የሚሸጥ፣ ትርፉን ግን ለቆመለት ችግር መልሶ የሚያውል ማለት ነው። ወደ እናንተ የመጣው ደግሞ እንዲህ ያሉትን የሚያሠለጥን፣ ገንዘብ የሚያፈላልግና ከገበያ የሚያገናኝ ደጋፊ ነው። እሱ ራሱ ማር አይሸጥም። ስለዚህ መሪዎቹ ሲሳሳቱ የሚከስሩት እነሱ አይደሉም፣ እናንተ ናችሁ። ለዚህ ነው መሪዎቹን ማወቅ ያለባችሁ።

አንድ ነገር ላጫውትሽ። ከዓመታት በፊት እንዲህ ያለ ደጋፊ ድርጅት ውስጥ ፀሐፊ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ ስሙን አልጠራውም። ሰባት የቦርድ አባላት ነበሩን፣ ፎቷቸው በመስታወት ተደርጎ መግቢያው ላይ ተሰቅሏል። አንድ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ጠራኝና "የሩብ ዓመቱን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ጻፊ" አለኝ። ስብሰባ አልነበረም። ጻፍኩት። አጀንዳ አንድ፣ አጀንዳ ሁለት፣ "በሙሉ ድምፅ ጸድቋል" ብዬ ጨረስኩ። ከዚያ በባጃጅ እየዞርኩ አስፈረምኩ። አንደኛው ሱቁ በር ላይ ቆሞ ፈረመ፣ ሌላው ከመኪናው ሳይወርድ ወረቀቱን መሪው ላይ አስደግፎ። አንዳቸውም አላነበቡትም። በዚያ ወረቀት የጸደቀው ለሸማኔ ወጣቶች ክር መግዣ የተያዘው ገንዘብ ወደ መኪና ጥገና እንዲዞር ነው። ልጆቹ ክሩን ሳያገኙ ክረምት ገባ፣ ሁለቱ ቀን ሥራ ፍለጋ ወደ መተማ ሄዱ። እስከ ዛሬ ያን ቃለ ጉባኤ የጻፈው እጄ ያሳፍረኛል።

ከዚያ ወዲህ የመሪ ፎቶና ዲግሪ ሲያሳዩኝ አልረካም። የእድራችሁን ዳኛ የመረጣችሁት በዲግሪው ነው እንዴ? የማኅበራችሁን ሙሴስ? ለቅሶ ላይ ቀድሞ የሚደርሰውን፣ ሒሳብ ሲጠየቅ የማይቆጣውን ነው የመረጣችሁት። ይኸው ዓይናችሁ እዚህም ይሠራል። በብዙ የሴቶች ቁጠባ ቡድን ሣጥኑ ሦስት ቁልፍ አለው፣ ሦስቱ ሴቶች ካልተገናኙ አይከፈትም። እነዚህንም "የእናንተ ሣጥን ቁልፍ በማን እጅ ነው?" በሏቸው። ቼክ ላይ እነማን ይፈርማሉ? ሥራ አስኪያጁና ገንዘብ ያዡ ዘመዳሞች ናቸው? ቦርዱ መጨረሻ የተሰበሰበው መቼ ነው፣ ምን ላይስ ተከራከረ? ክርክር ኖሮ የማያውቅ ቦርድ ያሳስበኛል።

ከስምንቱ ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ሸጦ የሚያውቅ ሰው አለ ወይ ብላችሁም ጠይቁ። ማር ኅዳር ላይ ሲቆረጥ ሁሉም በአንዴ ገበያ ያወጣውና ዋጋው ይወርዳል፤ ነጋዴውም ይህን ስለሚያውቅ ባልዲውን ይዞ በራችሁ ላይ ይቆማል። "እስከ ዓመት በዓል ድረስ ማሩን ይዘን እንድንቆይ በምን ታግዙናላችሁ?" በሏቸው። መልስ ያለው ሰው ከረባት ቢያስርም ባያስርም ግድ የለም። መልስ ከሌላቸው ግን ማጣሪያው ቤታችሁ ውስጥ አቧራ ይጠጣል።

ሕጉም ከእናንተ ጋር ነው። ድርጅቱ የተመዘገበው በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅትነት ከሆነ፣ በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 መሠረት ለሕዝብ ጥቅም የቆመ ድርጅት የአስተዳደር ወጪው ከጠቅላላ ገቢው ከ20 በመቶ መብለጥ የለበትም። ትርፍም ቢያገኝ አባላቱ አይከፋፈሉትም። ስለዚህ ያለፈውን ዓመት የኦዲት ሪፖርት አሳዩን ማለት ድፍረት አይደለም። የመጨረሻው ደግሞ ቀላል ነው፤ ድሮ ደግፈውት አሁን የተውትን አንድ ቡድን ስልክ ተቀበሏቸውና ራሳችሁ ደውሉ። እዚያ የምትሰሙት ከማንኛውም ወረቀት ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ ነው የምኖረው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት አይሱዙዬን ሸጬ ሥራ የሌላቸው ወጣቶች ዳቦ ቤት፣ ሳሙና ማምረቻና የእንጨት ሥራ እንዲከፍቱ የሚያግዝ ድርጅት አቋቋምኩ። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅትነት ነው የተመዘገብነው። ቤተሰቤ ችግር ላይ እያለ እንኳ አልዘጋሁትም። አሁን ገንዘብ የሚሰጡን ሰዎች "ጠንካራ ቦርድ ይኑርህ፣ አንተንም ማንሳት የሚችል ይሁን" አሉኝ። በላቤ የሠራሁትን ማንም መጥቶ ውጣ ሊለኝ ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሕመምህ ይገባኛል። አይሱዙ መሸጥ ማለት እንጀራን መሸጥ ማለት ነው። ያንን ያደረገ ሰው "ማን ነህ?" ሲባል ቢከፋው አይፈረድበትም።

አንተ ያለፍክበትን መንገድ ያለፉ አሉ። የጠብታ አምቡላንስ መሥራች አቶ ክብረት አበበ የማደንዘዣ ባለሙያ ነበሩ። መኖሪያ ቤታቸውን ሸጠው ነው በሦስት አምቡላንስ የጀመሩት። ሶሻል ኢንተርፕራይዝ ኢትዮጵያን በማቋቋምና በመምራትም ስማቸው ይጠራል፤ የዓለም የማኅበራዊ ኢንተርፕራይዝ ጉባኤ ጥቅምት 2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሲካሄድም ከአዘጋጆቹ መካከል ነበሩ። ባንግላዲሽ ውስጥ ብራክ የተባለውን የልማት ድርጅት በፈረንጆቹ 1972 የመሠረቱት ፋዝሌ ሐሰን አቤድ ደግሞ ሼል የነዳጅ ኩባንያ ውስጥ ትልቅ ደመወዝተኛ ነበሩ። እሳቸውም ለንደን ያለ አፓርታማቸውን ሸጠው ነው ለተፈናቀሉ ወገኖቻቸው የደረሱት። እዚያው አገር መሐመድ ዩኑስ ጆብራ በምትባል መንደር ለ42 ሰዎች 27 ዶላር ከኪሳቸው አበደሩ፤ ኋላ ለድሆች የሚያበድረው ግራሚን ባንክ የሆነው ሥራ የተነሳው ከዚያ ነው።

ታዲያ ልብ እንድትል የምፈልገው ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። አቤድ በፈረንጆቹ 2001፣ 65 ዓመት ሲሞላቸው ዋና ሥራ አስፈፃሚነቱን ለሌላ አስረከቡ። የቦርድ ሰብሳቢ ሆነው ቆዩ፣ የዕለት ሥራው ግን ከእጃቸው ወጣ። በፈረንጆቹ 2019 ነሐሴ ላይ ደግሞ ሰብሳቢነቱንም ለቀቁ፣ 83 ዓመታቸው ነበር። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ አረፉ። ሲያርፉ ብራክ መሪ ፍለጋ አልተራኮተም፣ መሪዎቹ ቀድመው ወንበራቸው ላይ ነበሩ።

ዩኑስ ዘንድ ነገሩ በሌላ መንገድ ሄደ። በፈረንጆቹ 2006 የኖቤል የሰላም ሽልማትን ከባንኩ ጋር ተካፍለው፣ በፈረንጆቹ 2011 ግን የአገሪቱ ብሔራዊ ባንክ "የጡረታ ዕድሜው 60 ነው፣ እርስዎ 70 ሞልቶዎታል" ብሎ ከሥራ አስኪያጅነቱ አነሳቸው። ፍርድ ቤት ሄደው አልቀናቸውም። ከጀርባው ፖለቲካ አለ የሚሉ ብዙ ናቸው፣ እኔም አልክድም። ቢሆንም ሰበቡን ያገኙት መተኪያቸው በጊዜ ስላልተበጀ ነው፤ በር ክፍት ሆኖ ቆይቶ ሌላ ሰው ገባበት። ሥራቸውን አከብራለሁ፣ አወጣጣቸው ግን ያሳዝነኛል።

እና ወንድሜ፣ ጥያቄህን እንዲህ ላዙርልህ። ይህ የአንተ ንብረት እንዲሆን ከፈለግህ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ሆነህ በግልጽ ንግድ ሥራ፤ ነውር የለበትም፣ ብዙ ጥሩ ማኅበራዊ ኢንተርፕራይዞች እንዲያ ናቸው። በወጣቶቹ ስም ዕርዳታ የምትቀበልበት ድርጅት ግን አይሸጥም፣ ለልጅ አይወረስም። አይሱዙውን የሸጥከው ለእነሱ ነው። ሰጠኸው፣ በቃ። የሰጡትን ይዞ መቆየት አይቻልም።

ቦርዱን ስታቋቁም አበልጅህን አታስገባ፣ የሚስትህን ወንድምም እንዲሁ። አበልጅ እንዴት ብሎ ፊት ለፊት "ይህ ወጪ ምንድን ነው?" ይልሃል? ዕዳ የሌለባት፣ ቁጥር የማትፈራ አንዲት የሒሳብ ባለሙያ ፈልግ። ካገዝካቸው ወጣቶችም ቢያንስ ሁለቱ ይኑሩበት፤ እነሱም አንተ የመረጥካቸው ሳይሆን እርስ በርሳቸው የመረጧቸው ይሁኑ። ዳቦ ቤቱ ዱቄት ሲወደድ ምን እንደሚሆን ከእነሱ በላይ ማን ያውቃል?

ርክክቡም በአንድ ቀን አይሆንም። መጀመሪያ ቼክ ላይ ብቻህን መፈረም ተው። ቀጥሎ የሠራተኛ ቅጥርን ለቀቅ አድርግ። በጣም የሚያስቸግረው ሦስተኛው ነው፣ ገንዘብ ሰጪዎቹ ሁልጊዜ የአንተን ሞባይል ነው የሚደውሉት። የምትተካህን ወይም የሚተካህን ሰው ይዘህ ሂድ፣ ስብሰባ ላይ እሱ ይናገር፣ አንተ ዝም በል። አውቃለሁ፣ ዝም ማለቱ ያማል። የምትወጣበትንም ቀን ቃለ ጉባኤ ላይ አስፍረው፣ ሦስት ዓመትም ይሁን አራት። ያልተጻፈ ቀን አይደርስም።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፣ ከብቸና። ወጣት ነጋዴዎችን የሚደግፍ አንድ ድርጅት የቦርድ ሰብሳቢ ሁንልን ብሎኛል። ልቀበል ወይስ ይቅርብኝ?

መልስ፦ መምህር፣ ስምዎ በአካባቢው የተከበረ ስለሆነ ነው የፈለጉዎት፤ ይህ ጥሩም መጥፎም ሊሆን ይችላል። ስምዎን ብቻ ከፈለጉ ይቅርብዎ። ለማወቅ አንድ ዘዴ አለ። "እሺ፣ ግን በመጀመሪያ የሁለት ዓመት ሒሳባችሁንና ቃለ ጉባኤያችሁን ቤቴ ወስጄ ላንብብ" ይበሏቸው። ደስ ብሏቸው ካመጡ ይግቡ። "እሱን በኋላ እናደርሳለን" ካሉ ቡናዎን ጠጥተው ይሸኟቸው። ከገቡ ደግሞ እንደ ፈተና ወረቀት አርመው ያንብቡ፣ ሳያነቡ አንድም ቦታ አይፈርሙ። ትራንስፖርትና ውሎ አበል ሊኖር ይችላል፣ እንደ ደመወዝ ግን አይቁጠሩት። ልጆቹንም ሱቃቸው ድረስ ሄደው ይዩአቸው፤ ሪፖርት ላይ የማይጻፈው እዚያ ነው ያለው።

ጥያቄ፦ ዳንግላ ነው የምኖረው፣ አካውንቲንግ ተምሬያለሁ። የኅብረት ሥራ ማኅበራችን አባላት ግማሽ ያህሉ ሴቶች ነን፣ አመራሩ ግን ሁሉም ወንድ ነው። ጠቅላላ ጉባኤው ጥቅምት ላይ ነው። ብወዳደር ይስቁብኝ ይሆን?

መልስ፦ ሊስቁ ይችላሉ፣ ድምፅ ሲቆጠር ግን ሳቅ አይቆጠርም። በኅብረት ሥራ ማኅበር አንድ አባል አንድ ድምፅ ነው፤ አሥር ዕጣ ያለውም አንድ ያለውም እኩል ነው። ከላይ ያነሳሁት ግራሚን ባንክ ተበዳሪዎቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሴቶች ናቸው፣ ከዳይሬክተሮቹም አብዛኞቹን የሚመርጡት ተበዳሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። የመንደር ሴቶች ባንክ ቦርድ ላይ ተቀምጠዋል።

እኔ ብሆን በሊቀመንበርነት አልጀምርም። የቁጥጥር ኮሚቴው አለልሽ፤ እሱንም ጠቅላላ ጉባኤው ነው የሚመርጠው፣ የተማርሽውም ለዚያ ይሆናል። ብዙ ሰው ስለማይፈልገው ፉክክሩ ቀላል ነው፣ መዝገብና ደረሰኝ የሚታየው ግን እዚያ ነው። ከአሁኑ ከሦስት አራት ሴቶች ጋር ተነጋገሪ፣ አንዷ ትጠቁምሽ፣ ሌላዋ ትደግፍሽ። ከጥቅምት በፊት ደግሞ የዓምናውን የኦዲት ሪፖርት በአባልነትሽ ጠይቂና አንብቢው። ያልገባሽ ቁጥር ካለ ጻፊልኝ፣ አብረን እናየዋለን።