በጭንቅላቷ አልገባ ያለው ቀሚስ

ጥያቄ፦ ለ3 ዓመት ልጄ ቀሚስ ሰፋሁላት። ትከሻዋ ላይ ልክ ነው፣ ግን በጭንቅላቷ አልገባ አለ! አሁን ደግሞ የአንበሳ ልብስ ስፊልኝ እያለች ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አይዞሽ፣ እኔም የመጀመሪያው ላይ እንደዚሁ ተሸውጃለሁ። የልጅ ጭንቅላት ለሰውነቱ ትልቅ ነው፤ በ3 ዓመት ዙሪያው ወደ 50 ሳንቲሜትር ይጠጋል፣ ስለዚህ ሁልጊዜ መጀመሪያ እሱን ለኪ። ቀሚሱን አትፍቺው። ከጀርባው መሃል፣ ከአንገቱ ወደ ታች 10 ሳንቲሜትር ያህል ቅደጂና ጠርዙ እንዳይተረተር በስስ ጨርቅ አጥፈሽ ሰፍተሽ አንድ ቁልፍ አድርጊበት፣ አለቀ።

አንበሳውን አታካብጂው። ቢጫ ወይም ቡናማ ሹራብና ሱሪ ካላት ግማሹ ተሠርቷል። ጋማውን ከጨርቅ ቁርጥራጭ ቆርጠሽ ኮፍያ ዙሪያ ስፊው። ጭራው አጭር ይሁን፣ መሬት ከነካ ሌላ ልጅ ይረግጠዋል (ያኔ አንበሳዋ ታለቅሳለች)። አንገት ላይ የሚታሰር ገመድ ግን በፍጹም! የሆነ ነገር ከያዘው ያንቃታል። ኮፍያው አገጭ ስር መያያዝ ካለበት ሲሳብ የሚላቀቅ ቬልክሮ ይሻላል።

ለሚቀጥለው ደግሞ የጥጥ ጨርቅ ከሆነ ከመቁረጥሽ በፊት እጠቢው፣ ይሰበሰባል። ከታችም 5 ሳንቲሜትር ትርፍ አጥፈሽ ተዪለት፣ ስትረዝም ትለቂዋለሽ።