ቢጫው ፖስታ ሲመጣ

ጀርመን አዲስ ለገባችሁ ወገኖቼ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከመሥሪያ ቤት ወይም ከፍርድ ቤት ይፋዊ ደብዳቤ የሚላክበት ቢጫ ፖስታ ከመጣላችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ክፈቱት።

እኔ የመጀመሪያውን አራት ቀን ሳልከፍት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ቋንቋውን አላውቅም፣ ክፉ ወሬ መስሎኝ ልቤ ፈራ። በኋላ አንድ የሀገር ልጅ ጎትቶ ዲያኮኒ ወደሚባል የምክር ቢሮ ወሰደኝ። አማካሪዋ ደብዳቤውን ከማንበቧ በፊት ፖስታውን ነበር የጠየቀችኝ። ፖስተኛው የጻፈው ቀን እዚያ ላይ ነው፤ የይግባኙ ጊዜ የሚቆጠረውም ከዚያ ቀን ነው። ጥገኝነት ውድቅ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ያላችሁ 2 ሳምንት ነው፤ አንዳንዴ 1 ሳምንት ብቻ። ፖስታውን እንዳትጥሉት፣ አደራ።

ዲያኮኒ የጀርመን ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት የማኅበራዊ አገልግሎት ክንፍ ነው፤ ሉተራኖቹም አሉበት። ምክሩ በነፃ ነው። ኦርቶዶክስ ሁኑ ሙስሊም፣ ያስተናግዷችኋል። ዕዳ የከበደው ሰውም፣ ነፍሰ ጡር እህትም ይሄዳሉ። ምጽዋት መስሏችሁ አትሸማቀቁ።

ደግሞም ቤተ ክርስቲያን ነፍስንም ሥጋንም ታገልግል በሚለው ነገር የእኛም ድምፅ አለበት። በ1972 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ደብዳቤ ጻፈች። ዋና ጸሐፊዋ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ነበሩ፤ በ1979 የተገደሉት። ያኔ የውጭ ለጋሾች ለልማት ሲሆን እጃቸው ይፈታል፤ ለወንጌል ሥራ ሲሆን ይጠብቃል። የእኛዎቹ ግን ሰው ሥጋና ነፍስ ተብሎ አይከፈልም ብለው ሞገቱ። የሚረዳህን ሰው እንዲህ ፊት ለፊት መናገር ድፍረት ይጠይቃል። ፌዴሬሽኑም ነገሩን ችላ አላለውም፤ በ1974 ናይሮቢ ላይ ምክክር አደረገበት። ይህን ሳስብ ዛሬም ደስ ይለኛል።

ታዲያ እኛ በተራችን ምን እያደረግን ነው? ብዙ ጉባኤዎቻችን እሑድ ከሰዓት የጀርመኖቹን አዳራሽ ይጠቀማሉ። ዘምረን፣ ቡና ጠጥተን፣ ቁልፍ መልሰን እንሄዳለን። የአጥቢያውን ፓስተር በስም የማናውቅ አለን። ይሄ ያሳዝነኛል። ቋንቋ የለመዳችሁ ልጆች፣ በወር አንድ ከሰዓት ለትርጉም ስጡ። ዲያኮኒ ቀጠሮ ያለው አዲስ ሰው ካለ አብራችሁት ሂዱ። ከቤት ሳትወጡ ግን ፖስታውን መያዙን ጠይቁት።