ኡቡንቱውን አታጥፋው፣ ፓስዎርዱ ይቀየራል

ሰላም ወንድሜ። «ቨርቹዋልቦክስ ላይ የጫንኩት ኡቡንቱ የመግቢያ ፓስዎርዱ ጠፋኝ፣ የመመረቂያ ሥራዬ ውስጡ ነው፣ አጥፍቼ እንደ አዲስ ልጫን ወይ?» ላልከው፦ በጭራሽ እንዳታጠፋው። እኔም ደርሶብኛል። ሦስት ወር ሳልከፍተው ቆይቼ ስመለስ እጄም ጭንቅላቴም ረስተውታል።

መጀመሪያ ግን መግቢያው ስክሪን ላይ ኪቦርዱ ወደ አማርኛ ዞሮ እንዳይሆን እይ። የምትጽፈው በነጥብ ስለሚሸፈን አታውቀውም። አትሳቅ፣ ያጋጥማል።

እሱ ካልሆነ ቨርቹዋልቦክስ ኮምፒውተርህ ውስጥ የሚያስኬደውን ማሽን ዝጋውና (ዴሊት ሳይሆን ፓወር ኦፍ) ስናፕሾት፣ ማለትም አሁን ያለበትን ሁኔታ ቅጂ፣ ያዝ፤ ብታበላሸው መመለሻ ይሆንሃል።

ፓስዎርዱን መቀየር የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። እኔን ግማሽ ቀን የፈጀብኝ የግሩብን ሜኑ (ኡቡንቱ ከመነሳቱ በፊት የሚመጣውን የማስነሻ ምርጫ) ማግኘት ነበር። ለካ ማሽኑን ሁልጊዜ «ሴቭ ስቴት» ብዬ ነው የምዘጋው፤ እንዲያ ሲሆን ካቆመበት ይቀጥላል እንጂ ቡት አያደርግም፣ ሜኑውም አይመጣም። ሪሴት በለው። ይህን ካወቅኩ በኋላም ሺፍት ስጫን ቁልፉን የሚወስድብኝ ቨርቹዋልቦክስን የከፈትኩበት ዊንዶውስ ነበር። ማሽኑ መነሳት እንደጀመረ ጥቁሩ መስኮት ውስጥ በማውስ ጠቅ አድርግና ሺፍትን ተጭነህ ቆይ። የማሽኑ ሴቲንግ ላይ ኢኤፍአይ (አዲሱ የማስነሻ መንገድ) ከተመረጠ ደግሞ ኤስኬፕን አንዴ ብቻ ንካ፤ ደጋግመህ ከመታኸው «ግሩብ» ብሎ ትዕዛዝ የሚጠብቅ ስክሪን ላይ ይጥልሃል። ያኔም ሪሴት አድርገህ እንደገና ሞክር።

ሜኑው ከመጣ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ»፣ ከዚያ «ሪከቨሪ ሞድ» የሚለው መስመር፣ ከዚያ «ሩት»። ኢንተር ስትል ያስገባሃል። እዚህ ላይ ዲስኩ ለንባብ ብቻ ተከፍቶ ሊሆን ይችላል፤ ፓስዎርድ ስትቀይር «ኦተንቲኬሽን ቶክን ማኒፑሌሽን ኤረር» የሚልህ በዚህ ምክንያት ነው። ትዕዛዙን እንደሚነበበው ልጻፍልህ፦ ማውንት፣ ክፍት ቦታ፣ ሰረዝ ኦ፣ ክፍት ቦታ፣ ሪማውንት ኮማ አር ደብልዩ፣ ክፍት ቦታ፣ ስላሽ። ቀጥለህ ፒ-ኤ-ኤስ-ኤስ-ደብልዩ-ዲ ጻፍና ከጎኑ የተጠቃሚ ስምህን አስገባ። ስሙም ከጠፋህ ሆም ውስጥ ያሉትን ፎልደሮች እይ፣ አብዛኛውን ጊዜ በስምህ ነው የሚቀመጠው። አዲሱን ፓስዎርድ ስትጽፍ ኮከብም ነጥብም አይታይም፤ እኔ ኪቦርዱ የሞተ መስሎኝ ሦስት ጊዜ አቋርጬዋለሁ። ሁለቴ አስገብተህ ሪቡት በል።

ከገባህ በኋላ ክሮምን ስትከፍት «ኪሪንግ» (ፓስዎርዶች የሚቀመጡበት ቋት) ብሎ የድሮውን ፓስዎርድ ቢጠይቅህ አትደንግጥ። «ፓስዎርድስ ኤንድ ኪስ» የሚለውን ፕሮግራም ክፈትና «ሎግኢን» የሚለውን ሰርዘው። እዚያ የተቀመጡ ፓስዎርዶች ይሄዳሉ፣ የመመረቂያ ሥራህ ግን አይነካም።

አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ፦ ፓስዎርድ የሚጠይቅህ ስምህ ያለበት መግቢያ ላይ ነው ወይስ ገና ሲነሳ፣ ከዚያ በፊት? ገና ሲነሳ ከሆነ ዲስኩ ተመስጥሯል ማለት ነው፤ እሱን ሪከቨሪ ሞድም አያልፈውም።