ተንደርበርድ ከ115 አልፎ የማይሻሻልበት ምክንያት

የኢሜይል ፕሮግራሙ ተንደርበርድ ደጋግመው አጥፍተው ቢጭኑትም ከእትም 115 አልፎ ለምን እንደማይሻሻል ጠይቀዋል። ፕሮግራሙ «ማሻሻያ የለም» የሚልዎት ተበላሽቶ ሳይሆን ኮምፒውተርዎ በዊንዶውስ 7 ስለሚሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው 115 ዊንዶውስ 7ንና 8.1ን የሚቀበል የመጨረሻው ዋና እትም በመሆኑ፣ እርስዎ እንዳደረጉት ደጋግሞ አጥፍቶ መጫን የሚለውጠው ነገር የለም። ቢያንስ ዊንዶውስ 10 ወዳለው ኮምፒውተር መዛወር ይኖርብዎታል።

1. ሄልፕ ከሚለው ዝርዝር ትራብልሹቲንግ ኢንፎርሜሽንን ከፍተው፣ ፕሮፋይል ፎልደር (መልእክቶችዎና ቅንብሮችዎ የሚቀመጡበት ፎልደር) ከሚለው ጎን ያለውን ቁልፍ ይጫኑ።
2. ተንደርበርድን ሙሉ በሙሉ ዘግተው ፎልደሩን እንዳለ ወደ ፍላሽ ይቅዱ።
3. በአዲሱ ኮምፒውተር ፎልደሩን ወደ ዲስኩ ገልብጠው፣ አዲስ ፕሮፋይል ሲፈጥሩ እሱን ይምረጡ።

መዝጋቱን አይናቁት። እኔ አንድ ጊዜ ፕሮግራሙ ክፍት እንደሆነ ቀድቼ፣ የገቢ መልእክቶች ፋይል ግማሹ ጎድሎ አግኝቼዋለሁ። በተለይ አካውንትዎ በፖፕ (መልእክቶችን ከኢሜይል ሰርቨሩ ወደ ኮምፒውተርዎ በሚያወርድ ዘዴ) የሚሠራ ከሆነ መልእክቶቹ ከሰርቨሩ ተሰርዘው በእርስዎ ዲስክ ላይ ብቻ ሊገኙ ስለሚችሉ፣ ሌላ ቦታ ፈልገው አያገኟቸውም። አዲሱ እትም አንዴ የከፈተውን ፕሮፋይል አሮጌው መልሶ ለመክፈት እምቢ ስለሚል፣ ሁሉም መልእክት መድረሱን እስኪያረጋግጡ ድረስ በፍላሹ ላይ ያለውን ቅጂ አይንኩት።