ስለ ቤዝ ሲንት ፔዳል የተጠየቁ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ቤዝ ጊታርን እንደ ሲንተሳይዘር (ድምፅን በኤሌክትሮኒክስ እንደሚፈጥር መሣሪያ) ስለሚያሰሙ፣ በእግር ስለሚረገጡ ፔዳሎች ያላችሁን ጥያቄ ሁሉ እንድታቀርቡ ጋብዣችኋለሁ። አስቀድሜ ሁለት ነገር ላሳስብ። እነዚህ ፔዳሎች አብዛኞቹ በአንድ ጊዜ አንድ ኖታ ብቻ ነው የሚከተሉት፤ ስለዚህ የማትጫወቱበትን ክር በእጃችሁ አፍኑ። አዳፕተሩ ላይ የተጻፈውን ሳታነቡም ምንም ነገር አትሰኩ።

ከአዳማ፦ መምህር፣ ሲንት ፔዳል ልገዛ ነው። የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ ለምን ሥራ እንደምትፈልገው ካልነገርከኝ መልስ ልሰጥህ አልችልም። ቤዝህ ወፍሮ እንዲሰማ ብቻ ከሆነ የምትፈልገው፣ ያንኑ ኖታ በዝቅተኛ ድምፅ የሚደርብልህ ኦክታቭ ፔዳል ይበቃሃል። ቦስ የተባለው የፔዳል አምራች በ1982 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኦሲ-2 ለዚህ ሥራ እስከ ዛሬ ይፈለጋል፤ አዲሱ ኦሲ-5ም የዚያን አሮጌ ድምፅ የሚመልስ ምርጫ አለው። ድምፁ እንደ አፍ እየተከፈተ እንዲዘጋ ከፈለግህ ደግሞ የእጅህን ጉልበት ተከትሎ ከፍተኛ ድምፆችን የሚለቅና የሚያስቀር ፊልተር አለ። ኦክታቩን አስቀድመህ፣ ድምፁን የሚያሻክረውን ዲስቶርሽን አስከትለህ፣ ፊልተሩን መጨረሻ ላይ ብትሰካ፣ ሰው «ሲንት ቤዝ» ከሚለው ድምፅ ትልቁን ድርሻ ታገኛለህ። ሲንት ፔዳል የሚያስፈልገው ድምፁ ከክር ሳይሆን ከኪቦርድ የተወለደ እንዲመስል ስትፈልግ ብቻ ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ እኔ ያለኝ ፔዳል ወደ ታችኛው ክር ስወርድ ይዘገያል፤ አንዳንዴም ኖታውን ይስታል። ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ አልተበላሸም፤ ይህን ጥያቄ በማንሳትሽም አመሰግንሻለሁ፣ እኅቴ፣ የነገሩ ሁሉ ሥር ያለው እዚህ ላይ ነውና። ዝቅተኛው የኢ ክር በሰከንድ 41.2 ጊዜ ይርገበገባል፤ ይህም ማለት አንዱ ዙር ብቻ 24 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጃል ማለት ነው። ኖታውን ለይቶ በምትኩ አዲስ ድምፅ የሚፈጥር ፔዳል፣ የትኛው ኖታ እንደተመታ ለማወቅ ቢያንስ አንድ ሙሉ ዙር፣ ብዙ ጊዜም ሁለት መስማት አለበት። በደቂቃ 120 ትልልቅ ምት ያለው ችክችካ ስትጫወቺ እያንዳንዱ ምት በሦስት ይከፈላልና በትንንሾቹ ምቶች መካከል ያለው ጊዜ 167 ሚሊሰከንድ ነው። ከዚያ ላይ የሁለቱ ዙር 48 ሚሊሰከንድ በመጠበቅ ካለፈ ከሩብ በላይ ሄደ ማለት ነው፤ ከበሮው ቀድሞሽ መሄዱን ጆሮሽ ወዲያው ያውቀዋል። ይህ የማንም አምራች ጥፋት አይደለም። መፍትሔው ያንኑ ዜማ አንድ ኦክታቭ ከፍ አድርጎ፣ አሥራ ሁለተኛው ፍሬት አካባቢ መጫወትና ፔዳሉ አንድ ኦክታቭ እንዲያወርደው ማድረግ ነው። እዚያ ኢ 82.4 ጊዜ ስለሚርገበገብ ጥበቃው በግማሽ ይቀንሳል። ኖታ ለየት አድርጎ መምታት፣ ሌሎቹን ክሮች ማፈን፣ የጣት ጥፍርም ክሩን እንዳይጭረው መጠንቀቅ ቀሪውን ያስተካክላል። አዲስ ድምፅ ከመፍጠር ይልቅ የክሩን ሲግናል ራሱን የሚቀርጹ አናሎግ ፔዳሎችም አሉ፤ የኤሌክትሮ-ሃርሞኒክስ ቤዝ ማይክሮ ሲንት ከእነዚህ አንዱ ነው። ታችኛውን ኦክታቭ፣ የክሩን ድምፅ፣ ላይኛውን ኦክታቭና ስኩዌር ዌቩን (ሻካራውን የሲንት ድምፅ) እያንዳንዳቸውን በየራሳቸው መቆጣጠሪያ ታስተካክያለሽ።

ከደሴ፦ በባትሪ ይሠራሉ?

መልስ፦ አንዳንዶቹ ይሠራሉ። አብዛኞቹ ባትሪ ቶሎ ስለሚጨርሱ በአዳፕተር ተጠቀም።

ከሐዋሳ፦ ይህ ሁሉ ወጪ ለምን አስፈለገ? ኪቦርዲስቱ በግራ እጁ ሲንት ቤዙን ቢጫወተው ይበቃል።

ከአትላንታ፦ ወንድሜ፣ ቤዚስቱን ከመድረክ ያወረደው ይኸው አስተሳሰብ ነው። አንድ ኪቦርድ ከበሮውንም ቤዙንም ተክቶ ሠርግ ሲመራ አይተናል፤ የባንዱ ወንበር እንዴት ባዶ እንደቀረም እናስታውሳለን።

ከሐዋሳ፦ ኪቦርድ ግን ኖታ አይስትም፤ ፔዳሉ ይስታል።

ከአትላንታ፦ ኪቦርድ ክር አይጎትትም። ትዝታ ሲጫወቱ ጣት ክሩ ላይ የሚንሸራተትበት ቦታ አለ፤ ያንን በቁልፍ ጫን ብለህ አታገኘውም።

መልስ፦ ሁለታችሁም የያዛችሁት እውነት አለ፤ ኪቦርድ ግን የቤዝ ጠላት አይደለም። ኪቦርዲስቱ ኃይሉ መርጊያ በ1985 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን ሆኖ አኮርዲዮንን ከሲንተሳይዘር ጋር አዋሕዶ ሲቀርጽ የጠፋ ነገር አልነበረም፤ አዲስ ነገር ተጨመረ እንጂ። ፔዳል የሚመረጠው ከአትላንታ እንደተባለው የጣት ንዝረትና መንሸራተት ወደ ሲንቱ ድምፅ እንዲገባ ስለሚያደርግ ነው። ክርክሩ በዚህ ይብቃና ወደ ጥያቄው እንመለስ።

ከጎንደር፦ ኮምፕረሰር ከፊቱ ወይስ ከኋላው?

መልስ፦ ኮምፕረሰር የኖታዎቹን ጉልበት የሚያመጣጥን ነውና ቦታው እንደ ፔዳሉ ይለያያል። ኖታ ለሚለይ ሲንት ከፊት ይሁን፤ ኖታው እኩል ሆኖ ረዘም ስለሚል በደንብ ይከተለዋል። በእጅ ጉልበት ለሚከፈት ፊልተር ግን ከኋላ ይሁን፤ አለበለዚያ ጉልበትህን ሁሉ እኩል አድርጎ ፊልተሩን ያደነዝዘዋል።

ከባሕር ዳር፦ የበገናን ድምፅ በቤዝ ለማምጣት የሚያስችል ፔዳል አለ?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። የበገና ድምፅ የሚያንዛርረው በድልድዩና በክሩ መካከል የሚገባው ቁራጭ ቆዳ ክሩ በተርገበገበ ቁጥር ስለሚነካው ነው። ንክኪው በዝቅተኛው ድምፅ ላይ ብዙ ከፍተኛ ሃርሞኒክስ (ከኖታው በላይ አብረው የሚሰሙ ቀጫጭን ድምፆች) ይጨምራል፤ ፈዝ የሚባለው ድምፅ አሻካሪ ፔዳልና ሲንት የሚሠሩትም በመሠረቱ ይህንኑ ነው። ስለዚህ ንጹሑን የቤዝ ድምፅ ከግማሽ በላይ ጠብቅ፤ ከሥሩ ስኩዌር ዌቭ በጥቂቱ ጨምር፤ ፊልተሩም ኖታው ከተመታ በኋላ ቀስ ብሎ እንዲዘጋ አድርግ። በገና በጣት ስለሚመታ ፒክ አትጠቀም፤ ኖታው ራሱ እስኪከስም ድረስም ጊዜ ስጠው። እኔ ለዚህ ዓመታት ደክሜበታለሁ፤ የመጣው ድምፅ ራሱ በገና ባይሆንም ለእርሱ ክብር ያለው ሰው እንደተጫወተው ያስታውቃል። ሌላም ጥቅም አለው። ትንሽ ስፒከር 41 ኸርዝን (በሰከንድ 41 ጊዜ የሚርገበገበውን ድምፅ) ማውጣት ባይችልም ጆሮ ከሃርሞኒክሱ ተነሥቶ ዝቅተኛውን ኖታ ይገነዘባል፤ ለዚህ ነው የሚያንዛርር ቤዝ በትንሽ ስፒከርም የሚሰማው።

ከጅዳ፦ ከሁሉም የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ ይህን ለአዳማው ወንድማችን መልሼዋለሁ፤ እባክህ ከላይ አንብበው። የምትጫወተውን ሙዚቃ፣ የምትጫወትበትን ስፒከርና የያዝከውን ገንዘብ ሳላውቅ የፔዳል ስም ብጠራልህ ገንዘብህን ማባከን ይሆናል።

ከመቀሌ፦ እኅቴ ከአሜሪካ ፔዳል ልትልክልኝ ነው። አዳፕተሩ እዚህ ይሠራል?

መልስ፦ ደጋግሜ የማሳስበው ይኸው ነው። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ሲሆን የእኛ 220 ነው፤ አዳፕተሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት ካልተጻፈበት አትሰካው። በመቀጠል ወደ ፔዳሉ የሚወጣውን ቮልት፣ የሚሊአምፔሩን መጠንና መሐሉ ፖዘቲቭ ይሁን ነጌቲቭ ተመልከት። አብዛኞቹ ፔዳሎች 9 ቮልት፣ መሐሉ ነጌቲቭ ይፈልጋሉ፤ ቤዝ ማይክሮ ሲንት ግን ከራሱ የ24 ቮልት አዳፕተር ጋር ነው የሚሸጠው። እኔ በጨለማ መድረክ ላይ የአንዱን አዳፕተር ለሌላው ሰክቼ፣ ሁለት ወር ቆጥቤ የገዛሁትን ፔዳል በአንድ ቅጽበት አቃጥያለሁ። ሁሉንም አዳፕተሮቻችሁን በፕላስተር ላይ ጽፋችሁ ለዩ።

ከአዳማ፦ መምህር፣ ጥያቄዬን አስተካክዬ ልመለስ። የምጫወተው በቤተ ክርስቲያን መዝሙር አገልግሎት ነው፤ ስፒከሮቹ ስምንት ኢንች ናቸው፤ ሙዚቃው ፈጣን ነው፤ የምፈልገውም የሚያንዛርር ወፍራም ቤዝ ነው።

መልስ፦ አሁን ልመልስልህ እችላለሁ። ኖታ የሚለይ ሲንት ይቅርብህ፤ ሙዚቃህ ፈጣን ነውና ይዘገይብሃል። ታችኛውን ኦክታቭም በዝቅተኛው ክር ላይ አትጠቀም፤ ከኢ በታች ያለው ኦክታቭ 20.6 ኸርዝ ነው፣ ይህም ጆሮ ከሚሰማው ወሰን ጫፍ ላይ ስለሆነ ስምንት ኢንች ስፒከርን ከማድከም በቀር ጥቅም የለውም። ንጹሑን ድምፅ መቀላቀል የሚያስችል የቤዝ ፈዝ ግዛና ከኋላው ፊልተር ሰካ። ወደፊት ገንዘብ ሲኖርህና ኪቦርድ የሚመስሉ ድምፆች ስትፈልግ ቦስ ኤስዋይ-1ን ሞክረው፤ ለጊታርና ለቤዝ መቀያየሪያ አለው፣ ከአንድ በላይ ኖታም ይቀበላል። ወደ ሱቅ ስትሄድ የራስህን ቤዝ ይዘህ ሂድ፤ ዘወትር የምትጫወተውን መዝሙር በዝቅተኛው ክር ላይ ተጫውተህ ሳትሰማ ገንዘብ አታውጣ።