ኢንዶሜትሪዮሲስና የሆርሞን መድኃኒት፦ የጠየቃችሁኝና የመለስኩላችሁ

ሐኪም አይደለሁም። ኢንዶሜትሪዮሲስ እንዳለብኝ ካወቅሁ ግን 11 ዓመቴ ነው። ክኒኑንም መርፌውንም አይቻለሁ። አሁን ማህፀን ውስጥ የሚቀመጥ፣ ሆርሞን ያለው ሉፕ ነው የምጠቀመው። የደረሰብኝንና አንብቤ የተረዳሁትን እነግራችኋለሁ። መድኃኒት መጀመርና ማቆም ከሐኪማችሁ ጋር ይሁን።

ጥያቄ፦ ሐኪሟ የእርግዝና መከላከያ አዘዘችልኝ። እኔ ግን ባልም ጓደኛም የለኝም። ለምን አስፈለገኝ? እናቴ ብታገኘውስ ምን ልበላት?

መልስ፦ ስሙ ነው እንጂ ሥራው ሌላ ነው፣ እህቴ። በዚህ በሽታ የማህፀንን የውስጥ ሽፋን የሚመስል ነገር ከማህፀን ውጭ ይበቅላል። ኦቫሪ (እንቁላል የሚወጣበት አካል) ላይ፣ አንጀትና ፊኛ አጠገብ። ኢስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ያሳድገዋል። በወር አበባ ጊዜ እሱም ሊደማ ይችላል፣ መውጫ ግን የለውም። ስለዚህ ይቆጣል፣ ጠባሳ ይሠራል፣ አንዱን አካል ከሌላው ጋር ያጣብቃል። ክኒኑ እንቁላል እንዳይወጣ ያደርጋል፣ የሆርሞኑን መውጣትና መውረድም ያረጋጋል። ለእናትሽ «የሕመም መድኃኒት ነው» በያት። ውሸት አይደለም።

ጥያቄ፦ ክኒኑን 21 ቀን ስውጥ ደህና ነኝ። በእረፍቱ ሳምንት ግን አልጋ ላይ ነኝ።

መልስ፦ ታዲያ ለምን ታርፊያለሽ? በእረፍቱ ሳምንት የሚመጣው ደም ሆርሞኑ ስለተቋረጠ የሚመጣ ነው፣ ለጤናሽ የግድ አያስፈልግም። ሳያቋርጡ መዋጥ ለብዙዎቻችን ይሻላል፤ ሐኪምሽን ጠይቂ። «ደሙ ሆድ ውስጥ ይጠራቀማል» የሚሉሽን አትስሚ፤ ሽፋኑ ስለሚሳሳ የሚጠራቀም ነገር የለም። ነጠብጣብ ግን ሊያስቸግርሽ ይችላል። አንድ ነገር ልጨምር፦ ዓይን ላይ ብልጭታ የሚያሳይ ማይግሬን ካለሽ፣ ደም ረግቶብሽ የሚያውቅ ከሆነ፣ ወይም ከ35 ዓመት በላይ ሆነሽ የምታጨሺ ከሆነ፣ ኢስትሮጅን ያለበት ክኒን ላንቺ አይሆንም። ሳትጠየቂም ተናገሪ።

ጥያቄ፦ ዳይኖጄስት የሚባለውን የሆርሞን ክኒን፣ 2 ሚሊግራም፣ ከጀመርኩ ሁለት ወሬ ነው። በየቀኑ ይደማኛል። ልተወው?

መልስ፦ እኔን አሥር ሳምንት ደምቶኛል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የተለመደ ነገር ነው፣ ብዙ ከሆነ ግን ሐኪም ይይሽ። ከዚያ በኋላ ከአንድ ዓመት በላይ የወር አበባ አላየሁም። ሕመሙም እጅግ ቀለለልኝ። በዚያን ጊዜ «ተገላገልኩ» ብዬ ነበር።

ያላየሁት ነገር ነበር። ቀስ በቀስ ሁሉ ነገር አስጠላኝ። ስልክ አላነሳም፣ ያለ ምክንያት አለቅሳለሁ። ጥፋቱ የራሴ መስሎኝ ነበር። እህቴ ናት አንድ ቀን «ይሄን ክኒን ከጀመርሽ ወዲህ ስትስቂ አላየሁሽም» ያለችኝ። ከሐኪሜ ጋር ተነጋግረን አቆምኩ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ ራሴ ተመለስኩ። ብዙ ሴቶች እንዲህ አይሆኑም፤ ጎረቤቴ አራት ዓመት ወስዳዋለች፣ አንድም ቀን አልከፋትም። ግን ከመጀመርሽ በፊት አንድ የምታምኚው ሰው እንዲከታተልሽ ንገሪ። ለራስ አይታይም።

ደግሞም ይሄ መድኃኒት ብቻውን እንደ እርግዝና መከላከያ አይቆጠርም። ኮንዶም ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ የሦስት ወሩ መርፌስ?

መልስ፦ ዲፖ ማለትሽ ነው። ሕመም ይቀንሳል። ችግሩ አንዴ ከተወጋሽ ባይስማማሽም ሦስት ወር አብሮሽ ይኖራል፣ ክኒን አይደል የምታቆሚው። እኔን ክብደት ጨምሮብኛል። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ አጥንት ያሳሳል፤ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2004 ጠንካራ ማስጠንቀቂያ አስጽፎበታል። ካቆምሽ በኋላ እርግዝና ብዙ ወራት ሊዘገይ ይችላል። በቅርቡ መውለድ ካሰብሽ አልመክርሽም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ሉፕሮላይድ የሚባል መርፌ ከተወጋች አሥር ቀኗ ነው። ባሰባት! መድኃኒቱ ተሳስቷል?

መልስ፦ አልተሳሳተም፣ ወንድሜ። ይሄ መርፌ መጀመሪያ ሆርሞኑን ከፍ ያደርገዋል፣ ከዚያ ነው የሚዘጋው። አንድ ሁለት ሳምንት መባሱ የታወቀ ነው። ሲዘጋ ደግሞ ሰውነቷ ያረጠ ያህል ይሆናል፦ ድንገተኛ ሙቀት፣ የሌሊት ላብ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የብልት መድረቅ። መስኮት ክፈት ስትልህ ክፈት። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ዝጋ ስትልህም አትከራከር።

ሐኪሙን አንድ ነገር ጠይቁት፦ ከመርፌው ጋር በትንሹ የሚሰጥ መተኪያ ሆርሞን አለ ወይ? ሙቀቱን ያቀልላል፣ አጥንቷንም ይጠብቃል፣ የመርፌውን ጥቅም ግን አያጠፋም። ያለ መተኪያ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 ወር በላይ አይሰጥም። እኔ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ያለ መተኪያ ነው ያሳለፍኩት፤ ማንም አልነገረኝም፣ እኔም መጠየቅ አላወቅኩም። እስካሁን ያናድደኛል። አዳዲሶቹ ክኒኖች፣ በአሜሪካ በ2018 ለዚህ በሽታ የተፈቀደው ኤላጎሊክስና በ2022 የተፈቀደው የሬሉጎሊክስ ጥምር፣ ያንን የመጀመሪያ መባስ አያመጡም። በሁለተኛው ውስጥ መተኪያው አብሮ አለ።

ጥያቄ፦ 52 ዓመቴ ነው። በወጣትነቴ ለዚህ በሽታ ዳናዞል የሚባል መድኃኒት ወስጄ ድምፄ ጎረነነ፣ አልተመለሰም። ከመድኃኒቱ ነው?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል፣ እናቴ። ዳናዞል የወንድ ሆርሞን ጠባይ አለው። የድምፅ መጎርነኑ ካቆሙትም በኋላ ሊቀር ይችላል። ዛሬ ለዚህ በሽታ እምብዛም አያዙትም። እርስዎ ያላጠፉት ነገር ነው።

ጥያቄ፦ ልጅ እፈልጋለሁ። መጀመሪያ ስድስት ወር ሆርሞን ልውሰድና ሰውነቴን ላጽዳ?

መልስ፦ አይ! ሆርሞኑ የማርገዝ ዕድልሽን አይጨምርም፤ በምትወስጂበት ጊዜ የማርገዝ ዕድልሽ ይቀንሳል፣ ጊዜሽን ነው የሚበላው። ስለ መውለድ የሚያክም ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ከ35 ካለፍሽ ደግሞ አትዘግዪ።

ጥያቄ፦ «አርግዢ፣ ይለቅሻል» ይሉኛል።

መልስ፦ አይለቅም። እርግዝናው ላይ ሊተኛ ይችላል፣ ከዚያ ይነሳል። ልጅ ደግሞ ክኒን አይደለም።

ጥያቄ፦ ኦቫሪዬ ላይ 5 ሴንቲሜትር ሲስት (ፈሳሽ የቋጠረ እብጠት) አለ። በክኒን ይጠፋል?

መልስ፦ ሊያንስ ይችላል። ሙሉ በሙሉ መጥፋቱን ግን አትጠብቂ። ቀዶ ሕክምና ካደረግሽ፣ ልጅ ለጊዜው ካልፈለግሽ፣ ከዚያ በኋላ ሆርሞን መውሰድሽ ተመልሶ እንዳይመጣ ይረዳል። እኔ ከመጀመሪያው ኦፕራሲዮን በኋላ «አለቀ» ብዬ ምንም አልወሰድኩም። በሁለት ዓመት ተመልሶ መጣ።

ጥያቄ፦ ሉፑ ሲገባ ያማል?

መልስ፦ ያማል። «ትንሽ ቁንጥጫ ነው» ብለውኝ ነበር። የኔ ከቁንጥጫ በላይ ነው። ማስታገሻ ቀድመሽ ስለመውሰድ ተነጋገሪ፣ የሚያጅብሽ ሰው ይኑር። ሆርሞን ያለውን እንጂ የመዳቡን እንዳታስገቢ ደግሞ፤ የመዳቡ ደም ሊያበዛ፣ ሕመምም ሊያብስ ይችላል።

ጥያቄ፦ አሁንስ እንዴት ነሽ?

መልስ፦ ሉፑን ካስገባሁ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ባለፈው ወር ሁለት ቀን ተኛሁ። ድሮ ስምንት ቀን ነበር።